ስለ አራስ ሕፃን ቡናማ ስብና ስለ ሙቀት ኢንዛይሞቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡናማ ስብ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ክብደት መቀነስ ነው። ኢንተርኔቱም የሚያወራው እሱኑ ነው። የዚህ ስብ ትልቁ ሥራ ግን ሰው በተወለደባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት የሚሠራው ነው፤ ያኔ ካልሠራ ደግሞ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እዚህ የምናወራው ስለ አራሱ ነው። በተለይ ደግሞ ከውልደት በፊትና በኋላ በስቡ ውስጥ የትኛው የኢንዛይም ዓይነት እንደሚበዛ፣ የትኛው እንደሚቀንስ፣ ይህስ ለእናትና ለአዋላጅ ምን እንደሚለውጥ። አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቡናማ ስብ ከተራው ስብ በምን ይለያል?

ነጩ ስብ ጉልበት ያከማቻል። ቡናማው ያቃጥላል፣ ሙቀት ለማውጣት ብቻ ብሎ ያቃጥላል። ቀለሙን ያገኘው በውስጡ ከታጨቁት ማይቶኮንድሪያዎች (ምግብ የሚያቃጥሉ የሴል ክፍሎች) እና ጥቅጥቅ ካሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ነው። ስዊዘርላንዳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኮንራድ ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1551 ክረምቱን ሙሉ በሚተኛ የተራራ እንስሳ ላይ አይቶት ስብም ሥጋም ያልሆነ ነገር ብሎ ጽፎለታል።

ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማው ቡናማ ስብ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል፣ በአንገት ዙሪያ፣ በብብት ሥር፣ በኩላሊት ዙሪያና በደረት ውስጥ በትልቁ የደም ቧንቧ አጠገብ ይገኛል። ከዚያ የሚሞቀው ደም በቀጥታ ወደ ልብና ወደ ሌሎች ዋና ዋና ክፍሎች ይሄዳል።

አራስ ልጅ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ አይሞቅም?

እምብዛም። ትልቅ ሰው ሲበርደው ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ በዚያ ይሞቃል። አራስ ልጅ ግን ይህ ዘዴ ገና አልበሰለለትም። ቆዳው ስስ ነው። ከክብደቱ አንፃር የሰውነቱ ስፋትም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱ ቶሎ ያልቅበታል። ደግሞ እርጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ማህፀን ውስጥ ሳለ ሙቀቱ ከእናቱ እንኳ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይበልጥ ነበር፤ አሁን በደቂቃዎች ውስጥ ብርድ ላይ ወደቀ። የሚተማመነው በቡናማ ስቡ ነው።

ስቡ ሙቀት የሚያወጣው እንዴት ነው?

ማይቶኮንድሪያ ምግብ አቃጥሎ ፕሮቶኖችን በሽፋኑ አንድ ወገን ያጠራቅማል። ፕሮቶኖቹ ተመልሰው ሲገቡ፣ የወንዝ ውኃ ወፍጮ እንደሚያዞር ሁሉ፣ ኤቲፒ የሚባለውን የጉልበት ሞለኪውል የሚሠራ መሣሪያ ያዞራሉ። ቡናማ ስብ ውስጥ ግን ዩሲፒ-1 የተባለ ፕሮቲን አለ። እሱ ወፍጮውን ትቶ በጎን የሚወርድ ቦይ ይከፍታል። ውኃው ይወርዳል፣ ወፍጮው አይዞርም፣ ጉልበቱ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ቦዩን የሚያስከፍተው ትእዛዝ ከአንጎል ይነሳል። ብርድ ሲሰማ ያለ ፈቃዳችን የሚሠሩት የሲምፓቴቲክ ነርቮች ስቡ ላይ ኖርአድሬናሊን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ። ኖርአድሬናሊን የሴሉን ተቀባይ ሲነካ አዲናይሊል ሳይክሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይነሳና ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል፣ ትእዛዙን በሴሉ ውስጥ የሚያደርስ ሞለኪውል ያመርታል። ከዚያ በኋላ በሴሉ ውስጥ የተቀመጠው ስብ ይሰባበራል፣ የወጡት ፋቲ አሲዶች ማገዶም ይሆናሉ፣ ዩሲፒ-1ንም ያስነሳሉ።

"የኢንዛይም ዓይነት" ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

አንድ ዓይነት ኬሚካላዊ ሥራ የሚሠሩ፣ ግን ከተለያየ ጂን የሚወጡ ኢንዛይሞች አሉ። ሥራቸው ይመሳሰላል፣ የሚገኙበት ቦታና የሚታዘዙበት መንገድ ይለያያል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ ለአራሱ ወሳኝ ነው።

እዚህ ዋናው ቤተሰብ ዲአዮዲኔዝ ይባላል። የታይሮይድ ዕጢ በብዛት የሚለቀው ሆርሞን ቲ4 ነው፣ 4 አዮዲን የያዘ። ቲ4 በራሱ ብዙ አይሠራም። አንድ አዮዲን ከትክክለኛው ቦታ ሲነሳለት ቲ3 ይሆናል፣ ሴሉን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። አዮዲኑ ከሌላኛው ወገን ከተነሳ ደግሞ የማይሠራ ሆርሞን ይሆናል። ማንሳቱን የሚሠሩት 3 ዓይነቶች ናቸው።

ዓይነት 1 በብዛት ጉበት፣ ኩላሊትና ታይሮይድ ራሱ ውስጥ ነው። ዓይነት 2 ቡናማ ስብ፣ አንጎልና ፒቱታሪ (አንጎል ሥር ያለች ዕጢ) ውስጥ አለ፣ ቲ4ን ወደ ቲ3 የሚቀይረውም እዚያው ሴሉ ውስጥ ነው። ዓይነት 3 አጥፊው ነው። ቲ4ንም ቲ3ንም ከሥራ ውጭ ያደርጋል፣ በእንግዴ ልጅና በፅንስ ሰውነት ውስጥ ይበዛል።

ፅንሱ ሆርሞኑን የሚያጠፋ ኢንዛይም ለምን ያስፈልገዋል?

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም መልሱ የፅንስን አስተዳደግ በሙሉ ያሳያል። ቲ3 ሴሎች እንዲበስሉና ጉልበት እንዲያቃጥሉ ያዛል። ገና እየተከፋፈለ ያለ ሕብረ ሕዋስ ይህን ትእዛዝ ቀድሞ ከሰማ ጊዜው ሳይደርስ ይበስላል፣ እድገቱም ይበላሻል። ስለዚህ ፅንሱ በደሙ ያለውን ቲ3 ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ዓይነት 3 ጠባቂው ነው። ማህፀን ውስጥ ደግሞ ሙቀት የሚያመርትበት ምክንያት የለውም፣ እናቱ ታሞቀዋለች።

ግን አንዳንድ ቦታ ቲ3 ቀድሞ ያስፈልጋል። እዚያ ዓይነት 2 ይገባል። ደሙ ውስጥ ያለው ቲ3 ዝቅ እንዳለ ቡናማው ስብ የራሱን ቲ3 በራሱ ሴሎች ውስጥ ያመርታል። በአንድ ሰውነት ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሕብረ ሕዋስ ሆርሞኑን ያጠፋል፣ ሌላው ይሠራል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ በጣም የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ዓይነት 2 በቡናማ ስብ ውስጥ የሚበዛው መቼ ነው?

እርግዝናው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ። በአይጥ ፅንስ ከመወለዱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ከፍ ይላል፣ የዩሲፒ-1 ጂንም አብሮ ይነሳል። የበግ ፅንስም እንደዚሁ ነው፣ በኩላሊት ዙሪያ ያለው ስብ ለውልደት ሲዘጋጅ ይታያል።

ሰው ላይ ምርመራው ከባድ ነው፣ ከጤናማ አራስ ናሙና አይወሰድም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የቼክ ተመራማሪዎች ሥራ በሰው አራሶች ቡናማ ስብ ውስጥ ዓይነት 2ም ዩሲፒ-1ም መኖራቸውን አሳይቷል። ያለቀናቸው በተወለዱትም ውስጥ ተገኝቷል።

ሁሉም እንስሳ ግን በአንድ ሰዓት አይነሳም። የበግ ግልገል ተወልዶ ወዲያው መቆም አለበት፣ ስለዚህ ቡናማ ስቡ በተወለደበት ቀን ዝግጁ ነው፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ወደ ነጭ ስብ ይለወጣል። ሃምስተር የምትባለው ትንሽ እንስሳ ደግሞ ቡናማ ስቧ የሚነቃው ከተወለደች ቀናት አልፈው ነው፣ እስከዚያ ጎጆዋ ውስጥ እናቷ ታሞቃታለች። አሳማ ጭራሽ የዩሲፒ-1 ጂኑ ተቆርጦ የጠፋበት ነው። የአሳማ ግልገል ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፣ እርስ በርስ ይተቃቀፋል፣ ብርድም በቀላሉ ይገድለዋል።

ዓይነት 2 ባይኖርስ?

እ.ኤ.አ. በ2001 የዓይነት 2 ጂን የሌላቸው አይጦች ብርድ ላይ ሲቀመጡ ሙቀታቸው እንደሚወርድ ታየ። ቡናማ ስባቸው ነበረ፣ ኖርአድሬናሊንም ይደርሰው ነበር፣ መልሱ ግን ደካማ ነው። መጀመሪያ የተባለው "በብርዱ ሰዓት ቲ3 ስላላመረተ ነው" የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሥራ ግን ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፅንሱ። ጂኑ የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ደማቸው ውስጥ ያለው ቲ3 ጤናማ ነው። ቡናማ ስባቸው ውስጥ ግን በዓይነት 2 የሚመረተው ቲ3 የለም። በዚህ ምክንያት ዩሲፒ-1ን ጨምሮ ስቡን ቡናማ የሚያሰኙት ጂኖች ዝቅ ብለዋል፣ ሴሎቹም በደንብ አልበሰሉም። ጉድለቱ ደግሞ ሲያድጉ አልተስተካከለም፣ አብሯቸው ቀረ። እንግዲህ ከውልደት በፊት ያለችው ያቺ አጭር ጊዜ ካለፈች በቀላሉ አትመለስም ማለት ነው፣ ቢያንስ በአይጥ። ሐኪም ወይም ተማሪ ከሆናችሁ ይህን አስቡበት፦ የደም ምርመራው ደህና ነው፣ ሕብረ ሕዋሱ ግን ተርቧል።

ጂኑ ከተነሳ ኢንዛይሙ አለ ማለት አይደለም?

አይደለም። ዓይነት 2 ዕድሜው በጣም አጭር ነው፣ በደቂቃዎች የሚቆጠር፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች። ቲ4 ሲበዛበት ሴሉ ራሱ "ይጣል" የሚል ምልክት ይለጥፍበትና ያፈርሰዋል። ቲ4 ሲያንስ ይቆያል። ስለዚህ ኤምአርኤንኤ (የጂኑን ትእዛዝ የሚያደርስ ቅጂ) ብቻ ለክቶ "ኢንዛይሙ ጨመረ" ማለት አያስኬድም። ሥራውን፣ ማለትም በተወሰነ ጊዜ ስንት ቲ3 እንዳመረተ፣ መለካት ያስፈልጋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ልጆች ይህችን ነገር አትዝለሏት።

አዲናይሊል ሳይክሌዝስ ዓይነቶች አሉት?

አሉት። በሴል ሽፋን ላይ የሚቀመጡት ብቻ 9 ናቸው። ቡናማ ስብ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙዎቹ ይገኛሉ፣ እና ከውልደት በፊትና በኋላ የየአንዳንዱ ድርሻ እኩል አይደለም። ጎልቶ የሚጠናው የአዲናይሊል ሳይክሌዝ ዓይነት 3 ነው (ከዲአዮዲኔዝ ዓይነት 3 ጋር አታምታቱት)፣ ምክንያቱም በነርቭ ትእዛዝ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ አይጥ ሲበርዳት ቡናማ ስቧ አጠር ያለ የዓይነት 3 ቅጂ እንደሚያወጣ፣ ይህ ቅጂም ማቃጠሉ ከልክ እንዳያልፍ እንደሚገታ አሳይቷል።

ከዲአዮዲኔዝ ጋር የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። አዲናይሊል ሳይክሌዝ ያመረተው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የዓይነት 2ን ጂን ያስነሳል። ዓይነት 2 ቲ3 ያመርታል። ቲ3 የዩሲፒ-1ን ጂን ያስነሳል። ነርቩ ብቻውን ወይም ሆርሞኑ ብቻውን ያን ያህል አይሠራም፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው ስቡ የሚነድደው።

ታዲያ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ስቡ ለምን አይነድድም? ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ የለ?

በኒው ዚላንድና በአሜሪካ በበግ ፅንስ ላይ የተሠሩ ሥራዎች ይህን በደንብ መልሰዋል። ፅንሱን ማህፀን ውስጥ እያለ አቀዘቀዙት። ሙቀት ማምረት አልጀመረም ማለት ይቻላል። ሳንባውን በኦክስጅን ሲያናፉለት ትንሽ ተነሳ። እትብቱን ሲዘጉት ግን፣ ማለትም ከእንግዴ ልጁ ሲለይ፣ ማቃጠሉ በደንብ ተነሳ።

ከዚህ የሚገባን፣ እንግዴ ልጁ የሚልካቸው ማቃጠልን የሚገቱ ነገሮች አሉ፤ አዴኖሲንና ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። እትብቱ ሲቆረጥ እገዳው ይነሳል። ብርዱ፣ ኦክስጅኑና የእገዳው መነሳት ባንድ ላይ ይመጣሉ። ሰው ላይ ደግሞ ተወልዶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ በኃይል ይተኮሳል፣ ብርዱም ከቀስቃሾቹ አንዱ ነው። በሚቀጥሉት 1 እና 2 ቀናት ቲ4ና ቲ3 ይጨምራሉ።

ኦክስጅኑን አትርሱ። ቡናማ ስብ ያለ ኦክስጅን አይነድድም። ታፍኖ የተወለደ ልጅ ቶሎ የሚቀዘቅዘው አንዱም በዚህ ነው።

ያለቀኑ የተወለደ ልጅ ምን ይጎድለዋል?

ብዙ ነገር ባንድ ላይ። ቡናማ ስብ መደራጀት የሚጀምረው በእርግዝናው 6ኛ እና 7ኛ ወር አካባቢ ነው፣ እስከ መጨረሻውም ይጨምራል። ቀድሞ የወጣው ልጅ ስቡ ትንሽ ነው። የቲኤስኤች ተኩሱም ደከም ያለ ነው፣ ቲ4ውም ለሳምንታት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ሆርሞን የሚያጠፋው ዲአዮዲኔዝ ዓይነት 3 ገና አልቀነሰም። የሚያቃጥለው ስኳርና ስብም ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲበርደው ያለችውን ማገዶ ይጨርሳል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ሳይጠባ ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ይህን ክብ መስበር የሚቻለው ከውጭ ሙቀት በመስጠት ነው።

ብርድ ቡናማ ስብን ካነቃ፣ ሕፃኑን ትንሽ ማስበረዱ አይጠቅምም?

በፍጹም! እባካችሁ ይህን አትሞክሩ። ትልልቅ ሰዎች ቡናማ ስብ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በጉልህ ከታየ በኋላ በበረዶ ውኃ መታጠብ ፋሽን ሆኗል፣ ለትልቅ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው። አራስ ግን የሚያቃጥለው ከእድገቱ ቀንሶ ነው። ስቡ የመጠባበቂያ ነው፣ ልምምድ አያስፈልገውም።

አዮዲንና ሴሌኒየም እዚህ ምን አገባቸው?

በጣም ያገባቸዋል። ቲ4 የሚሠራው ከአዮዲን ነው። 3ቱም ዲአዮዲኔዞች ደግሞ ሥራ የሚሠራው ማዕከላቸው ላይ ሴሌኒየም አላቸው። በአይጥ ሴሌኒየም ሲያንስ የቡናማ ስቡ ዓይነት 2 እንደሚደክም ታይቷል።

እኛ አገር ሁለቱም ጥያቄ አለባቸው። እንቅርት በደጋው የቆየ ችግር ነው፣ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሴሌኒየምን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እጥረቱ በኢትዮጵያ ሰፊ መሆኑንና ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል፣ አፈሩ ስለሚለያይ። ይህ ማለት ግን ነፍሰ ጡር ሁሉ የሴሌኒየም ክኒን ትግዛ ማለት አይደለም። ሴሌኒየም ሲበዛ መርዝ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጥ ውስጥ ወደ መጨረሻ ጨምሩት፣ አዮዲኑ በሙቀት ስለሚጠፋ። ሌላውን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ታይሮይዱ የማይሠራ ልጅ በሙቀቱ ይታወቃል?

አንዳንዴ። ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ቢጫነቱ ይረዝማል፣ ይተኛል፣ ሆዱ ይደርቃል። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይም። ለዚህ ነው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ከእያንዳንዱ አራስ ተረከዝ የደም ጠብታ የሚወሰደው። እዚያ የምትወልዱ እናቶች፣ ልጁን ወጉት ብላችሁ አትቆጡ፣ ውጤቱንም ጠይቁ። ምርመራው በማይደረግበት ቦታ ከላይ ያልኳቸው ምልክቶች ከታዩ ሐኪም የታይሮይድ ምርመራ እንዲያዝ ጠይቁ። ሕክምናው በየቀኑ የምትሰጥ ክኒን ናት፣ ሲዘገይ ግን አንጎል ይጎዳል።

ልጁ ሲወለድ ምን እናድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልጽ ነው። የማዋለጃ ክፍሉ ቢያንስ 25 ዲግሪ ይሁን፣ በር ይዘጋ። ልጁ እንደወጣ ይደረቅ፣ እርጥቡ ጨርቅ ይጣል፣ ቆዳው ከእናቱ ደረት ቆዳ ጋር ይገናኝ፣ ኮፍያ ይደረግለት፣ ሁለቱም ባንድ ላይ ይሸፈኑ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ይጥባ። ገላውን ማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ።

መታጠቡ ላይ ብዙ ክርክር አለ፣ አውቃለሁ። አያቶች "ደም እንዳለበት ይዋል?" ይላሉ። ደሙ ይጠረጋል። ነጩን ቅባት ግን ተዉት፣ ቆዳውን ይጠብቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሰኔ ወር የተወለደ ልጅ በመጀመሪያው ሰዓት ቢታጠብ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሙቀት የሚከፍለው ከዚያችው ጥቂት ቡናማ ስብ ነው። አገሩ ሞቃት ስለሆነ አያሰጋም ማለትም አይሠራም፤ ለእኛ የሚሞቀን ክፍል ለእርጥብ ራቁት አራስ ብርድ ነው፣ ኤሲ የሚነፋበት ቤት ደግሞ ይብሳል።

ትንሽ ሆኖ የተወለደውን ልጅ የካንጋሩ እንክብካቤ በእርግጥ ያሞቀዋል?

ያሞቀዋል። ዘዴው፣ ማለትም ልጁን ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስሮ መያዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ባነሰበት ሆስፒታል ተጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ቀድሞ መጀመሩ ክብደታቸው ዝቅ ላሉ ሕፃናት እንደሚጠቅም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው ትልቅ ጥናት ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው መጀመሩ በመጀመሪያው ወር የሚደርሰውን ሞት በ25 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አገኘ። እናት ካልቻለች አባት፣ አያት ወይም እህት ትችላለች። ደረት ደረት ነው።

መበርዱን በምን እናውቃለን? ሆስፒታል መቼ?

ጤናማው ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ከ36.5 በታች ብርድ ጀምሯል፣ ከ36 በታች አሳሳቢ ነው፣ ከ32 በታች ለሕይወት ያሰጋል። ቴርሞሜትር ከሌለ በእጃችሁ ጀርባ እግሩንና ሆዱን ንኩ። ሁለቱም ሞቃት ከሆኑ ደህና ነው። እግሩ ቀዝቅዞ ሆዱ ከሞቀ በርዶታል፣ ደረት ላይ አድርጉት፣ ጡት ስጡት። ሆዱም ከቀዘቀዘ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ ድምፁ ከደከመና ከፈዘዘ፣ አትጠብቁ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። መንገድ ላይም በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ብቻ አትያዙት፤ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርጋችሁ ደረታችሁ ላይ አስሩት፣ ከላይ ጋቢ ደርቡ፣ እየጠባ ይሂድ።